የደምሴ አውራ ጣቶች

ስልኩ ሲጠራ ሶሊ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በአንድ ሰው ምድር ቤት ተንበርክካ የረጠበ ግድግዳ በመለኪያ ትለካ ነበር። የደወሉት ቀሲስ ተሻገር ናቸው። ቀሲስ በሥራ ሰዓት የሚደውሉት ሰው ሲሞት ወይም የቤተ ክርስቲያኑ ጣራ ሲያፈስ ነው፤ ያን ሰሞን ደግሞ ዝናብ አልነበረም።

«ሶሊ ልጄ፣ ደምሴ ሞቷል። ትናንት ጠዋት ወንዝ ውስጥ ተገኘ።»

«ነፍስ ይማር» አለች። እጇ ግን መለኪያው ያሳየውን ቁጥር መጻፉን አላቋረጠም። ደንግጣ እንደሆነ ራሷን ጠየቀች፤ አልደነገጠችም። አሥራ ስምንት ዓመት ለኢንሹራንስ ኩባንያ ውሃ ያበላሸውን ቤት ስትመረምር፣ ባለቤቱ የሚለውንና ግድግዳው የሚለውን ስታመዛዝን ኖራ ልቧ ደንዝዟል። አባቷ የሞቱ ጊዜ ያለቀሰችው በሦስተኛው ወር ነው፤ ያውም መኪና ማቆሚያ አጥታ ስትዞር።

ቀሲስ ነገሩን ባጭሩ አስረዷት። አሌክሳንድሪያ ወንዝ ዳር ጫማ እየጠገነና ቁልፍ እየቀረጸ የሚኖረውን ደምሴን፣ ማለዳ የሚሮጥ ሰው ከጀልባ ማሰሪያ ግንዶች መካከል አገኘው። ባዶ እግሩን ነበር፣ እግሩም ታስሯል። ጫማው ከሱቁ የኋላ በር ውስጥ፣ ካልሲው እላዩ ተጣጥፎ፣ ተስተካክሎ ተቀምጧል። መርማሪ ፖሊሱ እንዳይዋኝ እግሩን አስሮ ራሱን ወደ ውሃ ጥሏል ብሎ ገምቷል፤ አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ሙሉ ውጤት ግን ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ቀብሩ ቅዳሜ ነው። የዚያን ዕለት ረቡዕ ነበር።

«ራሱን ያጠፋ ሰው ፍትሐት እንደማይደረግለት ታውቂያለሽ» አሉ ቀሲስ። «ተናኘ ከትናንት ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ነው የምትጠይቀኝ፤ ‹ባሌ ያለ ጸሎት ሊቀበር ነው ወይ?› ትለኛለች። እኔ በግምት አልፈታም፣ በግምትም አልከለክልም። አንቺ ነገር ታያለሽ ይላሉ። እውነቱን አምጪልኝ።»

ሶሊ ስሟ እንዲህ የወጣው የእድሩ ድንኳን በጠፋ ጊዜ ነው። በድንኳኑ ማን ልጁን እንደዳረበት በሦስት ጥያቄ አውጥታ፣ ሰውየው እስከ ዛሬ ሲያያት መንገድ ይሻገራል። ቀሲስን እሺ አለቻቸውና ግድግዳውን ለክታ ጨረሰች፤ ሥራ ሥራ ነው።

በማግስቱ ሐሙስ ጠዋት አሌክሳንድሪያ ወረደች። የደምሴ ሱቅ ትልቁ መንገድ ከወንዙ ጋር ከሚጋጠምበት ጫፍ ላይ ናት። በዚያ ጫፍ ወንዙ እንደ ባሕር ይሞላል፣ ይጎድላል፤ ጨረቃ ሞልታ ነፋሱ ከደቡብ ሲመጣ ደግሞ በቦዩ ሽቅብ ወጥቶ መንገዱ ላይ ይተኛል። ጎብኚ ፎቶ ያነሳል፣ ባለሱቅ ዕቃውን ወደ ላይ ይሰቅላል። ከተማው በወንዙ ዳር ግንብ ላቁም ካለ ወዲህ የሰፈሩ ነጋዴ ሁለት ቦታ ተከፍሎ በየስብሰባው ሲናከስ ከርሟል። ደምሴ ግንቡን ከሚቃወሙት አንዱ ነበር፤ የኋላ በሬን ይዘጋብኛል ባይ ነው።

ሱቁን የከፈተችላት ዲና ነች። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፣ እዚያው አሌክሳንድሪያ ተወልዳ ያደገች፣ ሁለት ዓመት ከደምሴ ጋር የሠራች። ዓይኗ አብጧል። ሰኞ ጠዋት የጎርፍ ማስጠንቀቂያ በስልኳ ደርሷት የአሸዋ ከረጢቱን በፊት በር እንደደረደረች፣ ደምሴም ማሽኖቹን ከወለል እንዳነሳ ነገረቻት። ሶሊ ከዚያ በኋላ ምን እንደተፈጠረ ጠየቀቻት።

«ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ አንድ ሰው ኮል አደረገው፣ ከኢትዮጵያ። ሂ ዋዝ ላፊንግ፣ እየሳቀ ነበር፣ ከዛ ስቶፕ አለ። ሦስት ጊዜ ‹መቼ?› አለ። ዛትስ ኢት። ስልኩን ዘጋና ‹ሂጂ ቤትሽ› አለኝ።»

«ምን ሆንክ አላልሽውም?»

«ጠየቅኩት። አላየኝም እንኳን።» የበሩን ቁልፍ እያገላበጠች «መሄድ አልነበረብኝም» አለች።

ሶሊ እንዲህ ዓይነት ቃል በየፈረሰው ቤት ትሰማለች። ማጽናናት ሳትችል ቀርታ ወደ ኋላው በር አለፈች። በሩ ሲከፈት ሦስት ደረጃ ወርዶ፣ ከግራና ከቀኝ በግንብ የታጠረ፣ ከወንዙ ጋር የሚገናኝ ጠባብ የሲሚንቶ መቆሚያ አለ። አሁን ደርቋል። ግድግዳው ላይ ግን ቡናማ የጭቃ መስመር ቀርቷል። ሶሊ ለካችው፤ ጉልበቷን አለፍ ይላል። የወንዙን የሙላት ሰዓት በስልኳ አየች። ሰኞ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ውሃው ዝቅ ብሎ ነበር፤ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ደግሞ በዓመቱ ከታየው ሁሉ ከፍ ብሏል።

የጎረቤቱ ባለሱቅ ኃይለልዑል ባርኔጣና ካናቴራ ለጎብኚ ይሸጣል። ስድሳ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ሃያ ሁለቱን እዚያው ወንዝ ዳር አሳልፏል። ሰፈሩ የሚያማው እሱን ነው፤ ምክንያቱም ግንቡ ይሠራ ከሚሉት ዋናው ሲሆን ባለፈው ስብሰባ በሰው ፊት ደምሴን «ውሃው ይውሰድህ» ብሎታል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

«ሰኞ ማታ የት ነበሩ ጋሽ ኃይለልዑል?»

«በርክ ከተማ፣ ልጄ ቤት። ከአሥር ሰዓት ጀምሮ የልጅ ልጄን ስጠብቅ አመሸሁ። ምስክሬ አራት ዓመቱ ነው፣ ከፈለግሽ ጠይቂው።» ባርኔጣ ከላይኛው መደርደሪያ እያወረደ ነበር። «ሰኞ እኩለ ቀን ሳይደርስ ይኼን ሁሉ ሰቅዬ፣ ደምሴንም ‹ዛሬ ከኋላህ ምንም እንዳትተው› ብዬው ነው የሄድኩት። እንጣላ ነበር እንጂ አንጠላላም ነበር። በእድሩ ወንድ ሲሞት የምገንዘው እኔ ነኝ፤ እሱን ግን ፈረንጅ አጠበው። ይኼ ነው የገረመኝ፣ አላለቅስም እኮ፣ አልመጣልኝም።»

ሶሊ እንዲህ ነው አለችው። እውነቷን ነበር።

ከሰዓት በኋላ ለቅሶ ቤት ገባች። የሟች ሚስት ተናኘ በነጠላዋ ተጠቅልላ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች፤ የሚመጣውን ሰው ሁሉ ታያለች፣ ማንንም አታይም። የሟች ታናሽ ወንድም ንጉሡ ግን መቀመጥ አቅቶታል። ከወንዙ ርቃ ባለችው በጌይተርስበርግ ታክሲ የሚነዳ፣ ሃምሳን ያለፈ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ወንበር ያመላልሳል፣ የታሸገ ውሃ ከመኪና ያወርዳል። ሽማግሌዎቹ «ተው ንጉሡ፣ አንተ ሐዘንተኛ ነህ፣ ተቀመጥ» ቢሉት እሺ ይልና ተመልሶ ይነሳል። ሙቀቱ ሰው እያቃጠለ እሱ የሸሚዙን አንገት እስከ ላይ ቆልፏል። ሶሊ መጨረሻ ወንድሙን ያየው መቼ እንደሆነ ስትጠይቀው ከፋሲካ ወዲህ አሌክሳንድሪያ ረግጦ እንደማያውቅ ነገራት። ውሃውን አጎንብሶ ሲያስቀምጥ አንድ ቁልፍ ተፈታና የእንጨት መስቀል ከደረቱ ወጣ። መስቀሉ ከላብና ከእጅ ብዛት ጠርዙ አልቆ እንደ ሳሙና ልሟል። ክሩ ግን ገና ጥቁረቱ ያልደበዘዘ፣ ከጥቅልሉ ተቆርጦ የመጣ አዲስ ነው።

ተናኘ ጋ ስትቀመጥ ፖሊስ የመለሰላትን ላስቲክ አሳየቻት። የጋብቻ ቀለበት አለ። የብር መስቀል ያለው የደምሴ ማተብ አለ፤ ከአንገቱ ሳይወርድ ነው የተገኘው። ሌላም አንድ ጥቁር ክር አለ፤ መስቀል የለውም፣ ቋጠሮው እንዳለ ሆኖ በመቀስ ተቆርጧል።

«እግሩን ያሰረበት ነው አሉኝ» አለች ተናኘ፣ ድምፅዋ ሳይነሳ ሳይወርድ። «ሦስት ቀን ሙሉ አየዋለሁ። ምን አጎደልኩበት?»

ሶሊ ክሩን በእጇ ዘረጋችው። ለሰው አንገት ይበቃል፤ ጎልማሳ ወንድ ሁለት ቁርጭምጭሚቱን ሊያስርበት ግን አይደርስም። ውጭ ወጥታ መርማሪ ፖሊሱ ጋ ደወለችና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፤ የታሰረው የእግሩ የቱ ጋ ነው? ሰውየው ወረቀት ሲያገላብጥ ተሰማት። ቁርጭምጭሚቱ አይደለም አላት፣ ሁለቱ አውራ ጣቶቹ ናቸው። ዓይኑስ? ተከድኖ ነበር። አመስግናው ዘጋች።

ከዚያ ቀሲስ ጋ ደወለች። «አባቴ፣ ለጋሽ ደምሴ ሳይነገር የቆየ መርዶ ነበር?»

ቀሲስ ዝም አሉ። ዝምታው ስለረዘመ መስመሩ የተቋረጠ መስሏት ስልኩን አየችው። አልተቋረጠም። ሶሊም መልሱን ከዝምታው ወሰደች፤ ዝርዝሩን ካስነገረቻቸው በኋላ፣ ነገ ከሰዓት በኋላ እሳቸው፣ ተናኘ፣ ንጉሡ፣ ዲናና ኃይለልዑል ደምሴ ሱቅ እንዲሰበሰቡላት ለመነቻቸው።

ዓርብ ዕለት ተናኘ የደምሴ መሥሪያ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ቀሲስ ከአጠገቧ፣ ኃይለልዑል በሩ ጋ፣ ዲና ከባንኮኒው ኋላ፣ ንጉሡ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ሶሊ የኋላውን በር ወለል አድርጋ ከፈተችው። ወንዙ ወርዶ ጸጥ ብሏል።

«ብዙ አላስቀምጣችሁም» አለች። «ፖሊስ እግሩ ታስሯል አለ፣ እናንተም ሰምታችሁ አመናችሁ። የታሰረው ግን እግሩ አይደለም። ሁለቱ የእግሩ አውራ ጣቶች ናቸው፣ አንድ ላይ፣ በጥቁር ክር። ዓይኑም ተከድኗል።»

ኃይለልዑል ከበሩ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገባ። «እንዴ፣ እሱማ ግንዛት ነው።»

«ዲና፣ ጣት የሚታሰረው ለምንድነው?» ስትል ሶሊ ጠየቀቻት።

ዲና ፊታቸውን ተራ በተራ አየች። «አይ ዶንት ኖው። ለምን ይታሰራል? አያቴ ሆስፒታል ነው የሞተችው፣ ምንም አላየሁም።»

«ፖሊሱም እንዳንቺ ነው፣ አልፈርድበትም። እኛ ግን እናውቃለን። ሰው ሲሞት ገላው ሳይደርቅ ዓይኑ ይከደናል፣ አውራ ጣቶቹ ይታሰራሉ። ራሱን የሚገንዝ ሰው የለም። ስለዚህ ጋሽ ደምሴ የሞተው ውሃ ውስጥ አይደለም፤ የብስ ላይ ሞቶ፣ ያከበረው ሰው ገንዞታል። እትዬ ተናኘ፣ ባልዎ ራሱን አላጠፋም።»

ተናኘ ራሷን አንድ ጊዜ ነቀነቀች። ፊቷ ላይ የተለወጠ ነገር አልነበረም፤ ጣቶቿ ብቻ ነጠላዋን ለቀቁት።

«ታዲያ ወንዝ ውስጥ ማን ጣለው?» አሉ ቀሲስ።

«ማንም አልጣለውም። ጫማው የተገኘው ከዚህ በር ውስጥ ነው፤ የገነዘው ሰው አውልቆ ያስቀመጠው ነው። እንግዲህ ሬሳው የተጋደመው እዚያ ታች፣ ሲሚንቶው ላይ ነው። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደረቅ ነበር። ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ግን ውሃው እዚህ ደረሰ።» ግድግዳው ላይ ያለውን የጭቃ መስመር አሳየቻቸው። «ሙላቱ አንስቶ ወሰደው። ጥያቄው ታዲያ አንድ ነው። ሬሳ አክብሮ የሚገንዝ ሰው እንዴት ውሃ የሚወስደው ቦታ ይተወዋል?»

«ውሃው እንደሚመጣ ሳያውቅ ነዋ» አለ ኃይለልዑል ቀስ ብሎ።

«ዲና ሙላቱን ታውቃለች፣ ግንዛት አታውቅም። እርስዎ ጋሽ ኃይለልዑል ግንዛት ያውቃሉ፤ ግን ባርኔጣዎን በቀትር የሰቀሉ ሰው ወዳጅዎን ወለል ላይ አይተዉም፤ ውሃ እንዲወስደው ቢፈልጉ ደግሞ ባልገነዙት ነበር። እትዬ ተናኘ ሠላሳ ዓመት የዚህ ሱቅ ባለቤት ሚስት ናቸው፣ ስንት ጎርፍ እዚህ ጠርገዋል። የምንፈልገው ግንዛት የሚያውቅ፣ ወንዙን ግን የማያውቅ፣ ከሩቅ የመጣ ሰው ነው።»

ሁሉም ወደ ንጉሡ ላለማየት ታገሉ። ሶሊ ከላስቲኩ የተቆረጠውን ክር አወጣች።

«ይኼ ማተብ ነው። የጋሽ ደምሴ ማተብ አንገቱ ላይ ነበር። ስለዚህ ሌላ ሰው የራሱን አውልቆ ነው ያሰረበት። ጋሽ ንጉሡ፣ መስቀልህ አርጅቷል፤ ክርህ ግን ሳምንት አልሞላውም። የድሮው የት ሄደ?»

ንጉሡ እጁን ወደ አንገቱ ወሰደ። ቁልፉን አልፈታም፣ መስቀሉንም አላወጣም። ጨርቁን ብቻ ጨብጦ ያዘ።

«ደውሎ ጠራኝ» አለ። «ስመጣ እዚያ ታች ቆሞ ነበር። ‹እናቴ መቼ ሞተች?› አለኝ።»

ሶሊ ለዲና ስትል ነገሩን ግልጽ አደረገችው። የወንድማማቾቹ እናት አገር ቤት የሞቱት በጥር ነው፤ አሁን ግንቦት ነው። ደምሴ በመጪው ሰኔ የልብ ኦፕሬሽን ስለሚጠብቀው እሱ እስኪያልፍ መርዶው ይቆይ ተባለ። ሰኞ ዕለት ግን ከአገር ቤት የደወለ ዘመድ ያውቃል ብሎ «እግዜር ያጥናህ» ሳይለው አልቀረም፤ እሱ ነው ሦስት ጊዜ «መቼ?» ያሰኘው።

«ኤቭሪባዲ?» አለች ዲና። «ሁላችሁም ታውቁ ነበር?»

 ቀሲስ የመቋሚያቸውን ጫፍ ያያሉ፤ ኃይለልዑል ወደ መንገዱ ዞሯል።

«ከኦፕሬሽኑ በኋላ ይነገረው ያልኩት እኔ ነኝ» አለች ተናኘ። «ንጉሡን ዝም ያስባልኩት እኔ ነኝ።»

«ለምን እንደደበቅነው ላስረዳው አልቻልኩም» አለ ንጉሡ። «በየእሑዱ ‹እማዬ እንዴት ነች?› ይለኝ ነበር፤ ደህና ናት እለው ነበር። ያንን አንድ በአንድ አስታወሰኝ። ‹ሰው ሁሉ እያወቀ እኔ ስስቅ አየኸኝ› ብሎ ደረቴን በቡጢ መታኝ። ደግሞ መታኝ። ገፋሁት። ጭንቅላቱ ደረጃው ላይ አረፈ። ጠራሁት፣ ትንፋሹ የለም። ዓይኑን ከደንኩት። ማሰሪያ ሳጣ ማተቤን አወለቅኩ። ጠዋት ዲና ታገኘዋለች፣ ወድቆ ሞተ ይባላል ብዬ ሄድኩ። ወንዝ ደረጃ እንደሚወጣ የነገረኝ ሰው የለም።»

«አምቡላንስ ለምን አልጠራህም?» አለ ኃይለልዑል።

«አላውቅም። እጄ ስልኩን አላነሳ አለኝ።»

ሶሊ አመነችው፤ ይህ ግን አላለዘባትም። «መግፋትህን ሕግ ይመዝነው» አለችው። «እኔ ይቅር የማልልህ የማክሰኞውን ነው። ራሱን አጠፋ ሲባል ሰማህ። ሚስቱ ምን አጎደልኩ ስትል ሰማህ። ፍትሐት የለውም ሲባልም ወንበር እየደረደርክ ሰማህ።»

ንጉሡ በግድግዳው ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ ከማክሰኞ ወዲህ ሰው ተቀምጦ ሲያየው ይህ የመጀመሪያው ነበር። ሶሊ ከዚህ ስንወጣ አብረን ፖሊስ ጋ እንሄዳለን አለችው። እሺ አለ። ከቀብሩ በፊት ይሁን በኋላ ብሎም አልተከራከረም። ሶሊ ነገሩን በመፍታቷ ደስ ብሏት እንደሆነ ልቧን ጠየቀችው። ደክሟታል፣ ሌላ ምንም የለም።

ቀሲስ ተነሡ። «ነገ ፍትሐት ይደረግለታል» አሉ። ከኪሳቸው ትንሽ ደብተርና እስክሪብቶ አወጡ። «የንስሐ አባቱ አምና ነው ያረፉት፤ እኔ ሃያ ዓመት ደምሴ ስለው ነው የኖርኩት። ለጸሎቱ የክርስትና ስሙን ንገሪኝ፣ ተናኘ።»

ተናኘ አፏን ከፈተች። ጠበቋት። ነጠላዋን ሰበሰበች፣ ወለሉን አየች፣ ቀሲስን አየች።

«ጠፋኝ» አለች። «ሠላሳ ዓመት አብሬው ኖሬ፣ ስሙ ጠፋኝ። እናቱ ነበሩ እንደዚያ የሚጠሩት።»

 ስሙን የሚያውቅ ሰው በዚያ ክፍል አንድ ብቻ ነበር፣ ሁሉም ያንን ሲረዱ ጥቂት ጊዜ ፈጀባቸው። ቀሲስ ወለሉ ላይ ወደተቀመጠው ንጉሡ ዞሩ።

«ኃይለ ጊዮርጊስ ነው» አለ ንጉሡ፣ ቀና ሳይል።

ቀሲስ ጻፉ።

«እማዬንም አብረው ይጻፏት፣ አባቴ። ወለተ ሐና ናት። አላለቀሰላትም።»

ያኔ ተናኘ አለቀሰች። ከማክሰኞ ጀምሮ እንዲህ የጮኸ ሰው አልነበረም፤ ዲና ከባንኮኒው ኋላ ወጥታ ይዛት ቆመች። ኃይለልዑልም ዞር ብሎ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ቀሲስ ሁለተኛውን ስም ከመጀመሪያው በታች ጽፈው፣ ደብተሩን ሳይዘጉ ቀለሙ እስኪደርቅ ጠበቁ።